ከዓድዋ ጅረት እስከ ዋጃ ቦይ፦ አክሊሉ ለማና የበሽታ አስተላላፊዎች ካርታ

በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትና እንስሳት የሚገኙበትን ስፍራ በካርታ ማመልከት ዛሬ ከሳተላይት ምስልና ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ የሚነገር ሙያ ሆኗል። የከፍታ፣ የሙቀት፣ የዝናብና የዕፅዋት ሽፋን መረጃ እርስ በርሱ ተደራርቦ የወባ ትንኝ የምትራባበት ቀበሌ በቀይ፣ የማትደርስበት ደጋ በአረንጓዴ ይቀለማል። ነገር ግን ካርታው ከሰማይ ብቻ አይሠራም። አስቀድሞ አንድ ሰው ወደ ውኃው ወርዶ በዚያ ያለውን ፍጥረት መሰብሰብ፣ መለየትና መቁጠር ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ይህን ቆጠራ የዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሥራ ካደረጉት ሰዎች መካከል አክሊሉ ለማ ግንባር ቀደም ናቸው። ስማቸው ከእንዶድ ጋር ብቻ ተጣብቆ መቅረቱ ይህን የሥራቸውን ገጽታ ሸፍኖታል፤ እንዶድም ቢሆን የተገኘው በዚያው ቆጠራ መካከል እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በሐረርጌ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1964 አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሥራ ብልሃርዝያ ነበር። በሽታው በአባይ ሸለቆ ታችኛው ክፍል በግብፅና በሱዳን ለረጅም ዘመን የታወቀ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን የት ድረስ እንደ ደረሰ፣ በየትኛው ወንዝ እንዳለና በየትኛው እንደሌለ የሚያሳይ የተሟላ ሥዕል አልነበረም።

የበሽታው አካሄድ ራሱ የካርታ ጥያቄ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ወደ ውኃ ሲገባ የተውሳኩ እንቁላል ተፈልፍሎ ጥቃቅን እጭ ይወጣል። እጩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ተራብቶ ሌላ መልክ ይዞ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ በዚያ ውኃ የሚታጠብ፣ የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም መስኖ የሚያጠጣ ሰው ሲገኝም ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ ብልሃርዝያ እንዲኖር ሦስት ነገሮች በአንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸው፦ የተበከለ ውኃ፣ ትክክለኛው የቀንድ አውጣ ዝርያና ወደ ውኃው የሚገባ ሰው። የወባ ትንኝ ክንፍ አላትና ከተፈለፈለችበት ኩሬ ርቃ ልትነድፍ ትችላለች። ቀንድ አውጣ ግን ከውኃው አይለይም። በዚህ ምክንያት የብልሃርዝያ ካርታ ከወባ ካርታ ይልቅ የጠበበና የተቆራረጠ ነው፤ አንድ መንደር ታምሞ ሁለት ሰዓት መንገድ የማይርቀው ሌላ መንደር ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

አክሊሉ በዚያው በ1964 ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ ዓድዋ ደረሱ። በከተማዋ ጅረት ዳር ሴቶች ሸማ ያጥባሉ። ሳሙናቸው ከጥንት ጀምሮ በደጋው አገር እንደሚደረገው ደርቆ የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ነበር። አጣቢዎቹ ካሉበት በታች ባለው ውኃ ከሌላው ስፍራ በተለየ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ከላይ በኩል ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ካኖሩ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድታፈስበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ይህ ታሪክ ሲነገር እንደ ድንገተኛ ዕድል ይቀርባል፤ ነገሩን በቅርብ ላየው ግን ዕድል ብቻ አይደለም። በአንድ ጅረት ላይ ከላይና ከታች ያለውን ቁጥር ለይቶ የማይመዘግብ ሰው የልዩነቱን ምክንያት ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ሴቶቹም ባይኖሩ ጥያቄው መልስ አያገኝም፤ የአጣቢዎቹ ዕውቀት ከግኝቱ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1966 አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው መምራት ጀመሩ። የኢንስቲትዩቱ አደረጃጀት ለዘመኑ አዲስ ነበር። በሽታን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይሆን በሚተላለፍበት መልክዓ ምድር ውስጥ ለማጥናት የታቀደ በመሆኑ የተውሳክ፣ የነፍሳት፣ የቀንድ አውጣና የዕፅዋት ተመራማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባሰቡ።

በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት የአዋሽ ሸለቆ ጥናት የዚህ አሠራር ዋና ምስክር ነው። ያ ዘመን አዋሽ የሚገደብበትና የሚታረስበት ጊዜ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀምሯል፤ የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቋል፤ ከዚያ በታች የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች እየተስፋፉ ነበር። ጥናቱ የብልሃርዝያን ሁኔታ ከመመዝገብ አልፎ በሽታው ወደ ፊት በኢኮኖሚና በሕዝብ ጤና ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ዋና ጉዳዩ አድርጎ ያዘ። ይህ የወደ ፊቱን የመመልከት ነገር ዛሬ የስጋት ካርታ ከሚባለው ጋር አንድ ነው። በላይኛው አዋሽ የአንጀት ብልሃርዝያ ተውሳክ የሆነው ሽስቶሶማ ማንሶኒ ባዮምፋላሪያ በተባለው ቀንድ አውጣ አማካይነት በመስኖ ቦዮች ሲተላለፍ፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ደግሞ የሽንት ብልሃርዝያ ቡሊነስ በተባለው ሌላ ዝርያ በረግረግ ስፍራዎች ይተላለፋል። የሽንቱ ዓይነት በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ800 ሜትር ከፍታ በታች ተወስኖ ይገኛል፤ የአንጀቱ ግን እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ይወጣል። አንድ ወንዝ ከላይ እስከ ታች ሁለት በሽታ፣ ሁለት ቀንድ አውጣና ሁለት መልክዓ ምድር ይዟል ማለት ነው። ለሥራ የመጣው ሰው ተውሳኩን በሰውነቱ ይዞ ሲወርድ፣ አዲሱ ቦይ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ያሳድግለታል። ይህን ቁም ነገር ካርታ ላይ ማስፈር ቀላል ነው፤ ቦዩን ለሚቆፍረው መሥሪያ ቤት ማስረዳቱ ግን ከባድ ነበር፣ ዛሬም ከባድ ነው።

ሥራቸው በቀንድ አውጣ አልተወሰነም። በዚያው በ1969 ከባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው አገር ቁንጭር ተብሎ የሚታወቀውን የቆዳ በሽታ አካሄድ የሚመረምር የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳተሙ። ቁንጭርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ተመራማሪዎች ተውሳኩ በሽኮኮ ውስጥ እንደሚኖር አሳዩ፤ ከጥናት ስፍራዎቻቸው አንዱ የወሎው ኩታበር ነበር። በሽታው ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ መታየቱ እንደገና ያንኑ የካርታ ነገር ያረጋግጣል።

በ1973 ደግሞ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ከአንድሩ ስፒልማን ጋር ሆነው የእንዶድ ቅምር በትንኝ ላይ ያለውን መርዛማነት የሚመለከት ጽሑፍ አወጡ። ለወባ ተመራማሪ ይህ አጓጊ ነገር ነው። በተግባር ግን ትንኝና ቀንድ አውጣ የሚኖሩበት ውኃ አንድ ዓይነት አይደለም። በኢትዮጵያ ቆላዎች ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሊስ አራቢየንሲስ ዝናብ ባቆረው ጉድጓድ፣ በከብት ኮቴ ጠባሳና ጎርፍ ጥሎት በሄደው ኩሬ ትራባለች፤ እነዚህ በየሳምንቱ ስፍራ የሚለዋውጡ ናቸው። ባዮምፋላሪያ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስና ሣር ያለበት ውኃ ይወዳል። ስለዚህ እንዶድ ለተወሰነ ጅረት የሚመች መድኃኒት ቢሆንም ለሺህ ተበታታኝ ኩሬ የሚዳረስ አልነበረም። መድኃኒቱን የሚወስነው የአስተላላፊው አድራሻ ነው።

የእንዶድ ትልቁ ፈተና ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በዓድዋ ተካሄደ። በከተማዋ ጅረቶች እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ የሕዝቡ የሕመም መጠን ተለካ። በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በበሽታው የተያዙት 50 በመቶ የነበሩ ሲሆን በሥራው መጨረሻ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ ይህ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ትልልቆቹ ተውሳኩን ከዓመታት በፊት ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ግን ታሪኩ አጭር በመሆኑ የእርሱ ሕመም ውኃው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይመሰክራል። ካርታ ለመሥራት ለሚወጣ ተመራማሪ ማንን መርምር የሚለው ጥያቄ የት መርምር ከሚለው ያላነሰ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከሌሎች ጋር በተደረገ ሥራ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከሳፖኒን ወገን መሆኑ ተለይቶ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የዕፅዋት ተመራማሪ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ፤ ቁጥር 44 የተባለው ዓይነት በምርቱም በኃይሉም ከተመረጡት ዋናው ሆነ። ይህም በራሱ የዕፅ ካርታ ነበር። እንዶድ በደጋ ይበቅላል፤ የሚፈለገው ግን በቆላ ውኃ ነው። ደጋው ለቆላው መድኃኒት እንዲያመርት የሚያደርግ ሐሳብ ማራኪ ነበር፤ ያን ያህል ግን በሥራ አልተተረጎመም።

ለምን አልተተረጎመም የሚለው ጥያቄ የአክሊሉን ሁለተኛ የሕይወት ምዕራፍ ይሸፍናል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው የቀንድ አውጣ መግደያ በአውሮፓ ፋብሪካ የሚመረት ውድ ኬሚካል ነበር። እንዶድን ለማጽደቅ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የተደረገ የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀ፤ ያን ምርመራ ለማካሄድ ደግሞ በድሀ አገር ዩኒቨርሲቲ የማይገኝ ገንዘብና መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ምርመራው በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተካሂዶ እስኪጠናቀቅ ከመጀመሪያው የዓድዋ ግኝት ጀምሮ ከ20 ዓመታት በላይ አለፉ። ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ጥያቄው ሁሉ ከንቀት የመጣ አልነበረም። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ የቀንድ አውጣን እንቁላል ግን አይገድልም። ኃይሉ በውኃ ውስጥ ቶሎ የሚጠፋ በመሆኑም እየተመላለሱ መጨመር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሴቶች በእጃቸው ሲያሹት ለዘመናት የኖሩትን ፍሬ ለማጽደቅ የወሰደው ጊዜ ከእነዚህ ጉድለቶች ጋር የሚመጣጠን አይደለም። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት መጣና የዓለም ትኩረት ከውኃው ወደ ክኒኑ ዞረ። ክኒኑ ሰውን ያድናል፤ ቦዩን ግን እንዳለ ይተወዋል።

አክሊሉ በእነዚያ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሲያገለግሉ ቆዩ፤ በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም ሠርተዋል። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። ሽልማቱ ለግኝቱ ብቻ ሳይሆን ግኝቱ ለድሆች እንዲደርስ ላደረጉት የማያቋርጥ ትግልም ጭምር ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ያዘ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የዜብራ ቀለም ያላቸው ባዕድ የሐይቅ ዛጎሎች ተራብተው የውኃ ቱቦዎችን ይደፍኑ ነበር፤ በኦሃዮ በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ እነዚህንም እንደሚገድል በሙከራ ታየ፤ ፓተንቱም በ1990ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። ለአፍሪካ ሕፃናት ሲሉ ለሩብ ምዕተ ዓመት በር የተዘጋበት ዕፅ ለአሜሪካ ቱቦ ሲሆን ዋጋ አገኘ። የኢትዮጵያ ዕፅና የኢትዮጵያ ሴቶች ዕውቀት የማን ንብረት ነው የሚለው ክርክር ከዚያ ተነሣ፤ ስለ ብዝሃ ሕይወት መብት በሚደረጉ ጽሑፎች ዘንድ እንዶድ እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ።

ከሞታቸው በኋላ የመጣው የሳተላይት ዘመን የድካማቸውን ዋጋ በሌላ መንገድ አሳየ። በ2001 የወጣ አንድ ጥናት፣ የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪም የተሳተፈበት፣ የምድርን ሙቀትና የዕፅዋትን ልምላሜ ከሳተላይት ወስዶ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ለሽስቶሶማ ማንሶኒ የሚመቹ ስፍራዎችን በካርታ አመለከተ። ሳተላይቱ ሙቀቱን ያውቃል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ በሽታው መኖሩን የሚነግሩት ግን በመስክ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተሰበሰቡ የምርመራ ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹ ባይኖሩ የሙቀቱ ሥዕል ከአየር ጠባይ ማስታወቂያ አይለይም ነበር።

ይህ አሠራር በራያ ቆላ ሲፈተን ጥንካሬውም ድክመቱም ይገለጣል። በቆቦና በአላማጣ መካከል ያለችው ዋጃ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰፊ ሜዳ የተቀመጠች ናት። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ይከብቧታል። የአካባቢው ስም በወባ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የገባ ነው፤ በ1950ዎቹ አገሪቱ ወባን በፀረ ትንኝ ርጭት ለመቆጣጠር ከጀመረቻቸው የሙከራ ሥራዎች አንዱ በቆቦና በጨርጨር ሜዳ ተካሂዷል። ብዙም ሳይቆይ በ1958 በአገሪቱ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰዎችን እንደ ያዘና 150,000 ሰዎችን እንደ ገደለ ተገምቷል፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰውም ወባ እምብዛም በማይለመድባቸው ወይና ደጋዎች ነበር። ለትንኝ ካርታ የራያ ሜዳ አንድ ወጥ ቀለም ሊሰጠው ይችላል፤ ከፍታው አንድ ነው፣ ሙቀቱ አንድ ነው።

ለቀንድ አውጣ ግን አንድ ቀለም አይበቃም። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች በክረምት በኃይለኛ ጎርፍ ይሞላሉ። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። እንዲህ ያለ ውኃ ለቀንድ አውጣ ጠላቱ ነው፤ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቀጥሎም አሸዋው ይደርቃል። ምንጭ ያለበት፣ ውኃ ዓመቱን ሙሉ በቦይ የሚሄድበትና ሣር ያበቀለ ጠርዝ ያለበት ስፍራ ግን ሌላ ነው። በዚያ ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ያጥባሉ፣ ገበሬው በባዶ እግሩ ገብቶ ውኃውን ይመራል። ከሰማይ ሲታይ በጎርፍ የለማውም በምንጭ የለማውም ማሳ እኩል አረንጓዴ ነው፤ የቦዩን ስፋት ለማየት ደግሞ የዚያን ዘመን ሳተላይት ዓይን አይበቃውም ነበር።

ከ2013 እስከ 2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ የብልሃርዝያና የአንጀት ትላትሎች ካርታ ሥራ በየወረዳው ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጦ ተማሪዎችን መርምሯል። ውጤቱ ለመድኃኒት ስርጭት ጠቃሚ ነው። ሕመሙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ10 እስከ 50 ከሆነ፣ ወይም ከ10 በታች ከሆነ የመድኃኒቱ ዑደት በዚያን ጊዜ ይለያይ ነበር። ሆኖም በወረዳ የሚሰላ አማካይ በአንድ ምንጭ ዙሪያ የተከማቸን በሽታ ያሳንሳል። ሦስት ደረቅ ቀበሌዎች አንዱን እርጥብ ቀበሌ ይሸፍኑታል።

አክሊሉ ለማ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2014 ያሳተሙት የዋጃ ጥሙጋ ጥናት ያንን እርጥብ ቀበሌ ለይቶ አወጣ። የሕዝቡን ሰገራ በመመርመር የአንጀት ብልሃርዝያ በአካባቢው እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ዘገበ፤ በሽታው በሰዎች ጤና ላይ ያደረሰውንም መረመረ። ዋጃ ከዓድዋ ጅረት በቀጥታ ሲለካ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ከዓድዋው ጥናት መጨረሻ እስከ ዋጃው ኅትመት ደግሞ 40 ዓመታት አልፈዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ቦዮቹ እየጨመሩ ሄዱ፣ እንዶዱም በደጋው አጥር ላይ ማፍራቱን አላቆመም።